ዲስኩ አልተበላሸም

ደብዳቤው

እትዬ ጤና ይስጥልኝ።

እውነቱን ልናገርና አምድዎን የማነበው ሰው ሲገሠጽ ለማየት ነው። ዛሬ ተራው የኔ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን። ካልጻፍኩ ልፈነዳ ነው።

29 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ፎቶ ነው። ሰርግ አነሳለሁ፣ ምርቃት አነሳለሁ፣ የሆቴል ሜኑ አነሳለሁ። ከሁሉም የምወደው ግን ስቲል ነው። ስቲል ማለት ፊልም ሲቀረጽ አጠገቡ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ነው። ፖስተሩ፣ ማስታወቂያው፣ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሰው ከቪዲዮው ላይ ተቆርጦ የወጣ ይመስለዋል። ከቪዲዮ የተቆረጠ ምስል ግን ትልቅ ተደርጎ ሲታተም ያሳብቃል። እጅ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ እንኳ ብዥ ብሎ ነው የሚወጣው።

በ2016 ክረምት ሳይገባ አንድ ፊልም ላይ ሠራሁ። ዳይሬክተሩ ጓደኛዬ ነው። ነበር ልበል? ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። ገንዘብ የሚያወጣ ፕሮዲዩሰር አልነበረንም። እሱ የአባቱን መኪና ሸጠ፣ እኛ ጉልበታችንን ሰጠን፣ በዚያ ተሠራ። ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንዲት እማማ ቤት፣ 24 ቀን ቀረጽን። በ40 ሺህ ብር ተስማማን፤ በቃል። 15 ሺህ ቀብድ ሰጠኝ። «ቀሪውን ፊልሙ ሲወጣ» አለኝ። እሺ አልኩ።

የስቲል ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ቀርበው ሲያዩት ግን ሥራው በሙሉ የሌለ ሰው መምሰል ነው። ተዋናይ ዓይን ፊት አይቆምም። ገመድ አይረገጥም። የካሜራዬን ድምፅ አጥፍቼ ከካሜራማኑ ብብት ሥር እሸጎጣለሁ። የእማማ ቤት ጠባብ ስለሆነች አልጋ ሥር ተኝቼ ያነሳሁበት ቀን አለ። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ «ትንፋሽህ ገባብኝ» ብሎ ያስወጣኝም ቀን አለ። ወጥቼ በመስኮት አነሳሁ። አልተከፋሁም። ሥራው ነው።

ባለፈው ወር ፊልሙ ተመረቀ። የጥሪ ካርድ አልደረሰኝም። ተረስቶ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ሱፍ ለብሼ ነው የሄድኩት፤ የወንድሜን ሱፍ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ቀና ስል ፖስተሩ ተሰቅሏል። ቁመቱ የኔን እጥፍ ነው። የኔ ፎቶ ነው! ዋናዋ ተዋናይት በር ላይ ቆማ ወደ ውጭ ስታይ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጨረሻው ብርሃን ጉንጯ ላይ ሲያርፍ። (ከኋላዋ ብዥ ብለው የሚታዩት የቤቱ ባለቤት እማማ ናቸው።) ለዚያ ፎቶ እስትንፋሴን ይዤ ነው የተጫንኩት። በጣም ጨልሞ ስለነበር እጄ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አበቃለት።

ከፖስተሩ ሥር የስም ዝርዝር አለ። ዳይሬክተር፣ ደራሲ፣ ሜካፕ፣ አልባሳት፣ ሹፌሩ ሳይቀር። የኔ የለም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የለም።

በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ስሜን ወረቀቷ ላይ ፈለገች። አጣችው። «ፎቶ አንሺው ነኝ» ስላት ፊቷ በራ። «ውይ፣ ፎቶ አንሺዎች በዚህ በኩል ናቸው» ብላ ከቀይ ምንጣፉ ዳር፣ ከገመዱ ውጭ አቆመችኝ። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዬ መጣ። አቀፈኝ። ይሄ የሚባለው አሁን ነው፦ «እንኳን መጣህ! ካሜራ ይዘሃል አይደል? የቀጠርነው ልጅ ጉድ ሠራን። እስቲ ምንጣፉን ያዝልኝ።»

ካሜራ ይዤ ነበር። መቼም ከእጄ አይጠፋም። ጥፋቴ እሱ ነው መሰለኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አነሳሁ። በነፃ። ቀረጻው ላይ አንድ ቀን ያልነበሩ ሰዎችን፣ ቲክቶከሮችን፣ «በዚህ ጎኔ አንሳኝ» የሚሉትን። መሀል ላይ እማማ ክንዴን ያዙኝ። አሁን ገላን ጉራ ነው የሚኖሩት፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር ታክሲ እየቀያየሩ ነው የመጡት። «ልጄ፣ ያቺ ፎቶዬስ?» አሉኝ። ቀረጻው ላይ አወጣልዎታለሁ ብያቸው ነበር። «እሺ እማማ፣ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ» ብያቸው ዞርኩ። አዳራሹን የከፈለው ሰውዬ እየገባ ነበር፣ እሱ እንዳያመልጠኝ።

ፊልሙ ሲጀምር በሩ ተዘጋ። ወንበር ሞልቷል ተባልኩ። ሳቁንና ጭብጨባውን ከውጭ ሰማሁት። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ በኋላ እንደነገረችኝ ስሜ መጨረሻ ላይ አለ። «ልዩ ምስጋና» ከሚለው ሥር፣ ከጄኔሬተር አከራዩ ቀጥሎ። የአባቴ ስም ግን ተሳስቷል። የማላውቀው ሰው ልጅ አድርገውኛል።

በማግስቱ ደወልኩለት። «አይ ወንድሜ፣ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ስለ 25 ሺው ሳነሳ «እሱንም እናየዋለን» አለ። እትዬ፣ ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። እንዲያውም ገንዘቡም ነው፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። ግን ስሙ ይብሳል። ሰርግ ሳነሳ ስሜ እንዲጻፍ ጠይቄ አላውቅም። እዚህ ግን ምሳዬን በልቼ ሳልጨርስ እየተነሳሁ የሠራሁት ነው። ሰው ፖስተሩን እያየ «እንዴት ያምራል» ሲል ከጎኑ ቆሜ ምንጣፍ አነሳለሁ? እስኪ ይፍረዱ!

ሌላም ነገር አለ። ፊልሙ ውጭ አገር አንድ ፌስቲቫል ላይ ሊታይ ተመርጧል። አዘጋጆቹ ጥራት ያላቸው ስቲሎች ላክልን ብለውታል። እስከሚቀጥለው ዓርብ ነው ቀኑ። ቀደም ሲል የሰጠሁት ለፖስተሩ የሆነችዋንና ጥቂት ትንንሽ ኮፒዎችን ብቻ ነው። ሲደውልልኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ዲስኩ ተበላሽቷል» አልኩት። መርዶ እንደደረሰው ሰው ዝም አለ። ደስ አለኝ።

ዲስኩ አልተበላሸም። ቁምሳጥኔ ውስጥ ካልሲ ሥር ነው ያለው። 11 ሺህ ገደማ ፎቶ አለበት። ከግማሽ በላዩ የፊልሙ እንኳ አይደለም። መብራት እስኪተከል ጊዜ ለመግፋት የሰፈሩን ሰው፣ በሩን፣ አጥሩን፣ ቡና የሚጠጡትን ሳነሳ የቆየሁት ነው። አንድ ጓደኛዬ ኤግዚቢሽን አድርገው ብሎኝ ነበር። ማን ያየዋል? ለማንም አይጠቅምም።

አሁን እሱ በየቀኑ ይደውላል፣ ዲስክ የሚጠግን ሰው አግኝቻለሁ ይለኛል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ምን ላድርግ? ልናዘዝ ወይስ እስከ ዓርብ ዝም ብዬ ይቅመሳት?

ከገመዱ ውጭ የቆመው


መልሱ

ከገመዱ ውጭ የቆምከው ልጄ፣

ስለ 25 ሺው ቆይተን እናወራለን። ስለ ስምህም እንደዚያው። መጀመሪያ ያቺን ቅንፍህን እንክፈታት።

«ከኋላዋ ብዥ ብለው የሚታዩት የቤቱ ባለቤት እማማ ናቸው።» በቅንፍ ነው የጻፍከው። ያለፍካቸውም በቅንፍ ነው። ቁመትህን እጥፍ በሚሆን ፖስተር ላይ ያሉ ሴትዮ፣ እዚያው ፖስተር ሥር ቆመው «ፎቶዬስ?» ብለው ጠየቁህ። አንተ በቴሌግራም አልካቸው። ልጠይቅህ፣ የእማማን ስልክ አይተኸዋል? እኔ አላየሁትም። ግን በእሳቸው ዕድሜ ያሉ የማውቃቸው እናቶች ሁሉ የሚይዙት ያቺን ባለ ቁልፍ፣ ጎማ የታሰረባትን ናት። ቴሌግራሙ የት ላይ ይከፈት?

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዳንተው ሦስተኛውን በጣቴ እየተከተልኩ። የተናደድክበትን ሁሉ አገኘሁ፤ ልክም ነህ። ግን እየው፦ እሱ «ቀሪውን ፊልሙ ሲወጣ» አለህ፣ አንተ «አወጣልዎታለሁ» አልካቸው። እሱ «እናስተካክለዋለን» አለህ፣ አንተ «እሺ እማማ» አልካቸው። ያንተ ስም ከፖስተሩ ላይ ጠፋ። የእሳቸው ፊት ፖስተሩ ላይ አለ፣ ማን እንደሆኑ ግን የጠየቀም የለ። ሁለታችሁም ከገመዱ ውጭ ነበራችሁ። ልዩነቱ እሳቸው የሚደብቁት ዲስክ የላቸውም።

ተቆጣሁ አይደል? ምክንያቱን ልንገርህ። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ከኔ ሚዛናዊ መልስ አትጠብቅ።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ስለነበረው ነው። «የኢንቺስ ቤቶች» ለማለት ጣሊያኖቹ «ካዜ ኢንቺስ» ይሉ ነበር፤ እኛ ካዛንቺስ አልነው። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሰፈሩ ራሱ ተነሳ። ብዙው ሰው ገላን ጉራ ገባ። እኔ ቀደም ብዬ አግብቼ ስለወጣሁ ዕቃ የሚጭን መኪና እኛ በር ላይ ሲቆም አላየሁም። ዛሬ በዚያ ሳልፍ የእናቴ ቤት የቱ ጋ እንደነበረ ለማወቅ በዓይኔ እለካለሁ። ከዚህ መብራት እስከዚያ መታጠፊያ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ። አንዳንድ ቀን ልኬቱ ይጠፋኛል።

የቤታችን ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። የታናሽ እህቴ ክርስትና ዕለት የተነሳ ነው። እህቴ መሀል ላይ በነጭ፣ ክርስትና እናቷ አቅፋት። በስተቀኝ ዳር የእናቴ ግማሽ ትከሻ አለ። ከትከሻዋ በላይ የሰማያዊ በራችን ጫፍ። ሌላ ምንም የለም። ሰው ቤቱ ሲፈርስ ቆርቆሮውን ይወስዳል፣ በሩን ይወስዳል፣ ብፌውን ይወስዳል። ጠዋት በበሩ ይገባ የነበረውን ብርሃን ግን ማን ጭኖ ይወስዳል?

እና አንተ ያንን ብርሃን ካልሲ ሥር አድርገህ «ለማንም አይጠቅምም» ትለኛለህ። እዚህ ጋ ስደርስ ደብዳቤህን አስቀምጬ ተነስቼ ቡና አፈላሁ። ቡናው ሲፈላ አልበረድኩም።

ልጄ፣ የፊልሙ ስቲሎች አንድ ነገር ናቸው። ያቺ ጊዜ ለመግፋት ያነሳሃት ግን... እንዴት ብዬ ልበልህ። መብራት እስኪተከል ስትጠብቅ አንተ ሳታውቀው ትልቁን ሥራህን ሠርተሃል። ከጥቂት ወራት በኋላ የማይኖር ሰፈር ውስጥ 24 ቀን ካሜራ ይዘህ ተቀምጠሃል። ይህ ዕድል ለስንቱ ደርሷል?

ደግሞ አንድ ኮፒ ብቻ! የሙያ ሰው ነኝ አትልም? ዲስክ ይወድቃል፣ ዲስክ ይሞቃል፣ ልብስ ሲወጣ አብሮ ተንከባሎ ይሰበራል። ያን ቀን ውሸትህ እውነት ይሆናል፣ የሚያምንህም አታገኝም። ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ሁለተኛ ዲስክ ግዛና ገልብጥ። አንዱ አንተ ዘንድ፣ ሌላው ወንድምህ ቤት። ሱፉን ስትመልስለት ይዘህለት ሂድ።

አሁን ወደ ጓደኛህ። እሱም ጥፋት አለበት፤ አልሸፍንለትም። ሹፌሩን አስታውሶ ፎቶ አንሺውን የረሳ ሰው፣ ያውም ፖስተሩን በፎቶው ሞልቶ! ምንጣፉን ያዝልኝ ያለህ ጊዜ «መጀመሪያ ወንበር ስጠኝ» ማለት ነበረብህ። አላልክም። ሥራህ የሌለ ሰው መምሰል ነው ብለሃል አይደል? ቀረጻ ላይ ይሠራል። ምርቃት ላይ ግን አይሠራም። እዚያ ላለመታየት የሚከፍልህ የለም።

ዲስኩን መደበቅ ደግሞ የምታስበውን ያህል አያዋጣህም። ጠበቃ አይደለሁም፣ ጉዳዩ ከባሰ አንድ ጠበቃ አማክር። ግን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ ገልጬ አይቼዋለሁ። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤቱ አዛዡ ነው ይላል። እናንተ የተስማማችሁት በቃል ነው፣ ስለ ባለቤትነት ያነሳችሁትም ነገር የለም። ስለዚህ «ፎቶው የኔ ነው፣ አልሰጥም» ብለህ ብትቆም መሬቱ ከእግርህ ሥር ሊንሸራተት ይችላል። ስምህ ግን ሌላ ነው። የሠራው እኔ ነኝ ብሎ የመታወቅ መብት፣ ገንዘቡ የማንም ይሁን የማን፣ ከሠሪው ጋር ይቀራል። ያቺን ያዝ። እሷ ላይ ማንም አይገፋህም።

አዋጁ ስለ ፎቶ ለብቻው የሚለው ነገርም አለ። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከወጣ፣ ወይም የሠሪው ምልክት ወይም ስምና አድራሻ ካለበት ነው። ዕድሜውም ከተነሳበት ቀን ጀምሮ 25 ዓመት ነው። የድሮ ፎቶ ቤቶች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር መሰለኝ። የእናቶቻችሁን አልበም ገልብጣችሁ እዩ፤ ከፎቶው ጀርባ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። አንተ ለጓደኛህ ትንንሾቹን ኮፒዎች ስትልክለት ስምህን ፋይሉ ውስጥ ጽፈህ ነበር? አልመሰለኝም። ከዛሬ ጀምሮ ስም የሌለው ፎቶ ከእጅህ አይውጣ።

ታሪክ ልንገርህ፣ አጭር ነው። ሬይሞን ኮሼቲዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ያንተው ሙያ ነው። ዳይሬክተሩ ጎዳር የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲቀርጽ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1959 ነው፣ ስቲል ያነሳው እሱ ነው። ሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ ልጅቷ የወንዱን ጉንጭ ስትስም ያነሳት ፎቶ ዓለምን ዞረች። ያያት ሁሉ ከፊልሙ የተወሰደች ይመስለዋል። ፊልሙ ውስጥ ግን የለችም። እሱ ነው የፈጠራት። ክፍያው ትንሽ ነበር፣ ፎቶዎቹም የእሱ አልነበሩም። በ1968 ሥራውን ትቶ ወጣ። አገሩ ሕጉን ሲያሻሽል ፎቶዎቹ እጁ ሲገቡ ዕድሜው 80 አልፎ ነበር። በ2021፣ በ101 ዓመቱ ነው ያረፈው። አንተም እስከ 80 ጠብቅ ማለቴ እንዳይመስልህ። እንደ አንተ ያለ ሰው ተገፍቶ ሙያውን ሲተው የሚቀረውን ሳስብ ስለሚያመኝ ነው።

ልጅ ሆነን ሲኒማ ቤት በር ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ፎቶዎች ይሰቀሉ ነበር። ለትኬት የሚሆን ሳንቲም ስለሌለን እነሱን እያየን ታሪኩን ራሳችን እንፈጥረው ነበር። ማን ማንን እንደገደለ፣ ማን ማንን እንዳገባ። ብዙውን ፊልም እስከዛሬ አላየሁትም፣ ፎቶዎቹን ግን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ሥራህን እንዳቃለልኩብህ አትቁጠር።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ነገ ደውልለት። «ዲስኩ አልተበላሸም። ዋሽቼሃለሁ። ተናድጄ ነው» በለው። እዚያ ላይ አቁም። «ግን አንተም...» እንዳትል። ስለ እሱ ጥፋት የምታወራበት ሌላ ቀን አለ፤ በአንድ አፍ ሁለቱን ካወራህ ይቅርታህ ክስ ይሆናል። የአባቱን መኪና ሸጦ የሠራውን ፊልም ዲስክ ጠፋ ብለኸው መርዶ እንደሰማ ሰው ዝም ሲል ደስ ብሎሃል። ያ ደስታ ነው እንቅልፍ የነሳህ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ከዚያ ለፌስቲቫሉ የሚሆኑ 15 ወይ 20 ፎቶ ምረጥና ስምህን ከነአባትህ ፋይሉ ውስጥ ጽፈህ ስጠው። ገንዘቡን ሳይከፍልህ ስጠው። አውቃለሁ፣ ይህን ሲያነቡ ብዙዎቻችሁ ትጮሁብኛላችሁ። ጩኹ። ፎቶ ይዞ ብር መጠየቅ ለሌላ ሰው ያዋጣ ይሆናል፣ አንድ ዴስክ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን አያዋጣም። በሳምንቱ ፊት ለፊት ቁጭ በሉ። ወደ ፌስቲቫሉ የሚሄደው ኮፒ ላይ ስምህ «ስቲል ፎቶ» ተብሎ ከባለሙያዎቹ ጋር ይግባ፣ የአባትህም ስም ይታረም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ነገር ነው፣ ፊልም ማቃጠል አይጠይቅም። 25 ሺውን መቼ መቼ እንደሚከፍል በወረቀት ይጻፍልህ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። እምቢ ካለ ያኔ ተናደድ፤ እኔም አብሬህ እናደዳለሁ።

ደግሞ ፊልሙን እየው እንጂ! ሁለት ሰዓት በር ላይ ቆመህ ስለ ጭብጨባው ጻፍክልኝ፣ ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል የለም። ትኬት ገዝተህ ግባ። መሀል ላይ ተቀመጥ።

ይህ ሁሉ ግን ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ሥራህ ከስልኩም በፊት ነው። ዛሬ ማታ ዲስኩን ክፈትና እማማን ፈልጋቸው። የፖስተሯን እንዳታወጣላቸው። እዚያ ላይ ብዥ ብለዋል። ፎከስህ እሳቸው ላይ ያረፈበትን ፎቶ ፈልግ፤ በ24 ቀን ውስጥ አንድ አይጠፋም። ከበስተኋላቸው ቤታቸው ይታይ። ጥሩ ወረቀት ላይ፣ 30 በ40 አሳትመውና ፍሬም አስገባለት። ለልጅ ልጃቸውም አነስ ያለች ጨምር። ከጀርባው በእስክሪብቶ ጻፍ፦ ስማቸውን፣ ካዛንቺስ፣ 2016፣ ከዚያ ያንተን ስምና ስልክ። ማኅተምህ ይሄው ነው።

ቅዳሜ እሳቸው በመጡበት መንገድ፣ እንደ እሳቸው ታክሲ እየቀያየርክ ገላን ጉራ ሂድ። ሌሎቹንም ፎቶዎች በትንሽ በትንሹ አሳትመህ ያዝ። እማማ ሰዉን ሁሉ ያውቁታል። ይሄ የማን ልጅ ነው፣ ይሄ አጥር የማን ነበር፣ ይነግሩሃል። ከየፎቶው ጀርባ ስም እየጻፍክ ና። ኤግዚቢሽኑን ማድረግ ካማረህ ደግሞ እያንዳንዱን ሰው አስፈቅደህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 ያለ ሰውዬው ፈቃድ ፎቶው በአደባባይ አይታይም ይላል። ሕጉ ባይኖርም የሰው ደጅ ያለ ቡና አይታለፍም።

አንድ የግል ጉዳይ ጨምሬ ላብቃ። ፎቶዎቹን ስታገላብጥ አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ካጋጠመችህ ቆም በል። የላይኛው ማጠፊያዋ ተነቅሎ በሽቦ የታሰረ ነው። ወንድሜ በኳስ መቶት ነው፣ አባቴ ነገ አሠራዋለሁ እያለ ሳያሠራው ቀረ። እናቴ ከሞተች በኋላ ሌላ ሰው ገብቶበት ስለነበር ቀለሙ ተቀይሮ ይሆናል፣ ሽቦው ግን ሳይኖር አይቀርም። ካገኘኸው ለኔም አንድ አውጣልኝ። እከፍላለሁ። በቴሌግራም እንዳትልክልኝ።